አሮጊቷ የተለካችበት ሳምንት

ባለቤቴ ፈሪ ነው። ይህን ስል ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ሁሉ ይስቁብኛል፣ እነሱ ዘንድ እሱን የሚያክል ደፋር የለማ! አንድ ጊዜ የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ ሰው ሁሉ በየበሩ ሲጋፋ፣ እሱ እርጥብ ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ገባና ቫልቩን ዘግቶ ወጣ። ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ ጆሮው ተልጦ ቤት መጣና «ምሳ ደርሷል?» አለኝ። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው ቢሮ ሲጠራ ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ የሚቀረው። ማህተም ያረፈበት ወረቀት ካየ ፊቱ አመድ ይመስላል። ክራቫት ያሰረ ሰው ኮሪደር ላይ ከገጠመው ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፈዋል፤ ሰላምታ ሲመልስ እንኳ ድምፁ አይወጣም። ስንጋባ ይህን ማን ነገረኝ!

እኔ የፋብሪካው ክበብ ውስጥ ሻይ የማፈላ፣ ዳቦ ቆርጬ የማቀርብ ሴት ነኝ። ፋብሪካው ኬሚካል ነው የሚያመርተው፤ ለሳሙና፣ ለቆዳ፣ ለወረቀት የሚሆን አሲድና ሶዳ። እሱ የቦይለር ሠራተኛ ነው። ቦይለር ማለት ለማያውቅ ሰው፣ ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው ሁሉ እንፋሎት የሚያድል ትልቅ የብረት ጋን ነው። የኛዋ ከእኔም ከእሱም በዕድሜ ስለምትበልጥ «አሮጊቷ» ነው የምትባለው። ወፍራም ጥቁር ነዳጅ ትጠጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ልብስ ያሰጣ ጎረቤት ሁሉ ቀና ብሎ የሚራገመው ባሌን ነው። ሠራተኛውም «ጭሴ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ገና ጎረምሳ ሳለ የአሮጊቷ ሆድ ውስጥ በእጅና በእግሩ እየዳኸ ገብቶ ጥቀርሻ በመፋቅ ነው የጀመረው። ከዚያ ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ኦፕሬተር፣ ከዚያ የፈረቃ ኃላፊ። ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። በዓመት ፈቃዱ እንኳ ሰበብ ፈልጎ ሄዶ ያያታል። «ጣውንቴ እንዴት ዋለች?» እለዋለሁ። እሱ ቀልድ መሆኑን ረስቶ «ዛሬ ትንሽ ያስላታል» ይለኛል። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስተኛ ግን እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም፣ ደርቆ ይቅር!

የምንኖርበት ቤትም የፋብሪካው ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ባለፈው ቅነሳ ጊዜ ግድግዳ የምንጋራቸው ባልና ሚስት ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሲወጡ አይቻለሁ። ሴትየዋ መጥረጊያዋን ረስታ ተመለሰችና በሩ ተቆልፎ አገኘችው። መጥረጊያውን በመስኮት እያየች ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅነሳ የሚለውን ቃል ስሰማ መጥረጊያዬን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። አንድ ጠዋት የበሩ ዘበኛ ክበቡ ውስጥ ዘው አለ። ሳይጠየቅ ስለሚያወራ «ሬዲዮ» እንለዋለን። ሻይ እንኳ ሳያዝ፣

«አለቀልን!» አለ።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ተለጥፏል፤ በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። “የልቀት ቅነሳ ግብ” ይላል። ልቀት ማለት መልቀቅ ነው። ቅነሳን ታውቁታላችሁ። ግብ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ስንት ሰው እንደሚያባርሩ ቆርጠው ጨርሰዋል ማለት ነው!»

ከማሸጊያ ክፍል የመጣች አንዲት ሴት፣ «ኧረ ተው! ልቀት ማለት ብልጫ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት የልቀት ሽልማት ተሰጥቷታል» አለች።

«ታዲያ ብልጫን ለምን ይቀንሱታል?» አላት። ሻይ የጠጣ ሰው የለም፤ ያን ቀን የቀዳሁትን ሁሉ መልሼ ደፋሁት። ባሌ ወሬውን ቦይለር ቤት ድረስ አድርሰውለት ኖሮ፣ ሲመጣ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «አንቺ፣ ሰምተሻል?» አለኝ። መስማቴን ከፊቴ አየው።

በዚያው ሳምንት ሁላችንም አዳራሽ ተጠራን። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ልታስረዳን የመጣችው ባለሙያ ሸራ ጫማ ያደረገች፣ የራስ ቁሯን ብብቷ ሥር የያዘች ወጣት ናት። ልጄ ብትሆን የማልጠላት ዓይነት፣ ፊቷ ፈገግ ያለ። «ልቀት ማለት» አለች፣ «ከጭስ ማውጫው ወደ አየር የሚለቀቀው ነው። የምንቀንሰው ጭሱን ነው፤ ሰው አንቀንስም።» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሬዲዮን ከፊትም ከኋላም እየጎሸሙ መሳቂያ አደረጉት። እኔም እስክታነቅ ሳቅሁ።

ባሌ አልሳቀም። ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ጭሱ የማን ነው?» አለኝ።

«የአሮጊቷ ነዋ!»

«አሮጊቷስ የማን ናት?»

ጎንበስ ብዬ የጫማውን ክር መፍታት ጀመርኩ።

«ጭሱ የኔ ነው» አለ። «ጭሱን ሲቀንሱ እኔን ቀነሱ ማለት አይደል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ክፉ አታሟርት!» አልኩት። የሰው ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ሲወጣለት የሱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከሱ ደግሞ ወደኔ ተጋባ።

ባለሙያዋ ነገሩን ደጋግማ አስረድታለች፤ ሐሰት አልናገርም። መጀመሪያ ፋብሪካው አሁን ምን ያህል እንደሚያጨስ ይለካል። የነዳጁ ቆጣሪ ከተበላሸ ዘመን አልፎታል፤ ነዳጁም ሌሎቹ ምድጃዎች ከሚቀዱበት ከዚያው ታንከር ስለሚቀዳ፣ አሮጊቷ ስንቱን እንደጠጣች ከመዝገብ አይገኝም። ስለዚህ መሣሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ለአንድ ሳምንት ይሰቀላል፤ ከሳምንቱ ተነስቶ ዓመቱ ይሰላል፤ ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ይወሰናል። «እንደወትሮው ሥሩ፤ ለኔ ብላችሁ ምንም አትለውጡ» ብላለች። እኛ ግን የሚለካ ሰው ሲመጣ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥጥር ነው። ለቁጥጥር ደግሞ ይጸዳል። «ምንም አትለውጡ» የሚል ተቆጣጣሪም አይተናል፤ እንግዳ «አትቸገሩ» ሲል ማን ያምነዋል?

ተሰብስቦ የተማከረ የለም፤ ሁሉም በየፊናው አወቀበት። የቦይለር ቤቱ ግድግዳ ኖራ ተቀባ። የአሲድ ክፍሎቹ «ጥገና አለብን» ብለው ሥራቸውን አቀዘቀዙ፤ መጋዘኑም ሞልቶ ስለነበር የጠየቃቸው የለም። ማሸጊያ ክፍሉ በተራ አረፈ። እንፋሎት የሚፈልግ ሲያንስ ባሌ ነዳጁን ቀነሰላት፤ አሮጊቷ ግማሽ ጉልበቷን ይዛ ተኛች። ከጭስ ማውጫው የምትወጣው የማንቆርቆሪያ ጭስ የምታህል ነበረች። እኔ ነጭ አንሶላ አሰጣሁ፤ ነጭ ሆኖ ገባ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ባልሽ ታሟል እንዴ?» ብላ ቀለደች። እሱም የዚያን ሳምንት ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር። «ጭሷ ትንሽ ነው ካሉ ምን ያደርጓታል? ይተዋታል» ይል ነበር፣ እየደጋገመ።

ከዚያ ውጤቱ ተነገረ። እኔ ሻይ እያዞርኩ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ አበሩት። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን አይቶ ኮራ፤ ሱሪውን ከፍ አደረገ። ባለሙያዋ፣ ከዚህ ቁጥር ላይ ሲሶው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲቀንስ፣ ግቡም ይኸው እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። ሥራ አስኪያጁ ቀጠለ። አሲዳችንን የሚገዙት የውጭ ድርጅቶች በፊርማ ቃል እንድንገባ ጠይቀዋል። ቃል ገብቶ ያልፈጸመ ፋብሪካ ግን ከእነሱ ጋር አበቃለት፤ እነሱ ካልገዙ ደግሞ ለማን እንሸጣለን? «ዓርብ እፈርማለሁ!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ባሌ አንዴ አጨብጭቦ እጁን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሰው እየገፋ ወጣ።

ትሪውን ጥዬ ተከተልኩት። ከክበቡ ጀርባ፣ ባዶ ሣጥኖች በምንከምርበት ቦታ አገኘሁት። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል።

«ምን ሆንክ? በሞቴ ንገረኝ!»

«ያ ቁጥር እኮ የተኛች አሮጊት ቁጥር ነው» አለኝ። «ሥራ ፈት ፋብሪካ ነው የለኩት። እንደወትሮው ሙሉ ስንሠራ የዚያን እጥፍ እናጨሳለን። አሁን ከዚያ ላይ ሲሶ ቀንሱ ሊሉ ነው። አሮጊቷን ነቅለው ቢጥሏት እንኳ፣ አዲስ ቢተክሉ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው ካልቆመ በቀር አይሞላም። ቃሉን ያጥፋሉ፤ ገዢዎቹ ይሄዳሉ፤ በሩ ይዘጋል።» ከባዶዎቹ ሣጥኖች በአንዱ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። የሁሉንም እንጀራ እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

ክው አልኩ። ግን እኔ ሴትዮዋ ምላሴ ቶሎ አይተኛም፤ ወዲያው «ዝም በል!» አልኩት። «ለማንም እንዳትተነፍስ። ተናገርክ ማለት ዛሬውኑ ያባርሩሃል፤ ቤቱንም ያስለቅቁናል። ዝም ካልክ ግን ዓመታት አሉ። እስከዚያ ማን ያውቃል? ሥራ አስኪያጁም ይቀየራል።»

ዓርብ እስኪደርስ እንዴት እንደኖርን አትጠይቁኝ። እሱ እህል አስጠላው። ዳቦውን በሻይ እያራሰ ሲያላምጥ ውሎ መልሶ ሳህኑ ላይ ያኖረዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል። እኔ ደግሞ ክበቡ ውስጥ ያቺን ልጅ በየቀኑ አስተናግዳለሁ። «እትዬ፣ እንዳንቺ ሻይ የትም አልጠጣሁም» ስትለኝ ዞር ብዬ ማንቆርቆሪያውን እወለውላለሁ። ስኳር ረስቼ ጨው ልሰጣት ስል እጄን የያዝኩበት ቀን አለ። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ሐሙስ ዕለት ጭራሽ፣ «ጋሼ ታመዋል እንዴ? ቦይለር ቤት አየኋቸው፣ መልካቸው ገርጥቷል» አለችኝ። እኔ «ጨጓራ ነው» አልኩ፤ ብርጭቆው ግን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ስብርባሪውን ጎንበስ ብዬ ስለቅም የሱን ቦት ጫማ በሩ ላይ አየሁት። የምሳ ሰዓት ነው፤ ክበቡ ጢም ብሏል። ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ መጣ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት፤ «ተመለስ» ማለቴ ነው። አላየኝም።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው።

«እርስዎ...» አለ። ልጁ የምትሆነዋን እርስዎ ይላታል! «እርስዎ የለኩ ጊዜ... ያን ሳምንት... አሮጊቷ ደህና አልነበረችም።»

«የትኛዋ አሮጊት?» አለችና ወደኔ ዞር ብላ በሐዘኔታ አየችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር፤ ወይም እንጣላ ነበር።

«ቦይለሯ። አስተኝቻት ነው የለኩት። እንደወትሮዋ አይደለም። ያ ቁጥር ውሸት ነው። ነገ እንዳይፈርሙበት።»

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ አየሁት። «የአንድ ሳምንት መረጃዬ በሙሉ?» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ማን አዘዘዎት? ብቻዎን እኮ ይህን ማድረግ አይችሉም» አለችው።

ክበቡ ውስጥ ማኘክ ቆመ። የአሲድ ክፍሎቹ እዚያው ናቸው፤ የማሸጊያዎቹ እዚያው ናቸው፤ ሬዲዮ በሩ አጠገብ ነው። ሁሉም ሳህኑን ያያል። አንዱ፣ አንዱ ብቻ «እኛም ነበርንበት» እስኪል ድረስ መጥረጊያዬን ይዤ ጠበቅሁ። ሬዲዮ እንኳ የሚያወራው አጣ።

«ማንም አላዘዘኝም» አለ ባሌ። «ቫልቩ ላይ የነበረው የኔ እጅ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲጠሩት ጩኸቱ እስከ ጓሮው ድረስ ይሰማ ነበር። «አጭበርባሪ! ልታዋርደኝ ነበር! አንተን ብሎ የፈረቃ ኃላፊ!» ልጅቷ መሀል ገብታ፣ «ጌታዬ፣ ከፈረሙ በኋላ ጋሼ ቢነግሩን ኖሮስ?» ስትል ሰማኋት። ባሌ ሲወጣ ደግፌ ክበቡ ውስጥ አስቀመጥኩት። ፊርማው እንዲቆይ፣ ልኬቱ እንደገና እንዲደረግ ተወሰነ። አሮጊቷን ሙሉ ጉልበቷን ሰጥቶ የሚነዳት ደግሞ እሱ ራሱ እንዲሆን።

ሁለተኛው ሳምንት ምድር ጨለመ። መጋዘኑ ተራግፎ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ሙሉ ሥራ ጀምረው፣ አሮጊቷ የሆዷን ሁሉ ተፋች። ልብስ የሚያሰጣ ጠፋ፤ ልጆች እያሳሉ ከደጅ ገቡ። እኔ ያን ጭስ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬ ያን ሳምንት ነው በደንብ ያየሁት። ሰማዩን ቀና ብዬ አያለሁ፤ በወጣ ቁጥር ቁጥር ሆኖ እንደሚጻፍ፣ ባሌ በገዛ እጁ በራሱ ላይ እያስጻፈ እንደሆነ አስባለሁ። ምሳ ላደርስለት ስሄድ ከመሣሪያው ሥር ቆሞ አገኘሁት። «በቃ ትንሽ ቀነስ አድርጋት፤ ማን ያያል?» አልኩት በሹክሹክታ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ወደ ቫልቩ አልሄደም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ልጅቷ ክበቡ ሊዘጋ ሲል መጣች። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየሰቀልኩ ነበር። «ጋሼን ጥሪልኝ» አለችኝ፤ ጠራሁት። ሦስታችን ተቀመጥን።

«እውነተኛው ቁጥር በጣም ትልቅ ነው» አለችው። «ግን አሁን ግቡ የሚደረስበት ሆኗል። ከዚህ ላይ ሲሶ መቀነስ ይቻላል። ፋብሪካው ይተርፋል ጋሼ። የአሲዱም፣ የማሸጊያውም ክፍል አይነካም። እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ አልቆልን ነበር።»

«የሚቀነሰው ከየት ነው?» አለ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አብዛኛው ጭስ የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው። በጋዝ የምትሠራ አዲስ ይተክላሉ። በኮምፒውተር ነው የምትታዘዘው።»

«እኔስ?»

«እኔ የለካሁት ጭስ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ። «ስለ ሰው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ላስረዳቸው ሞክሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን... በእርስዎ ላይ ያለው ቁጣ አልበረደም። አዲሲቷ ስትመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀነሰው ብሏል።» እንባዋ መጣ፤ ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች።

ወደ ቤት ስንሄድ ወሬው ቀድሞን ነበር። በሩ ላይ ሠራተኛው ተሰብስቦ ይሳሳቃል። «ተረፍን ጭሴ! ዕድሜ ላንተ!» ብለው ትከሻውን መቱት። ሬዲዮ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አነሳው። ከአሲድ ክፍል አንዱ ሲጋራ ሰጠው፤ አጭሶ የማያውቀውን። እሱ ለሁሉም ፈገግ አለላቸው። እኔ አንዳቸውንም ቀና ብዬ አላየሁም፤ ካየኋቸው ከአፌ የሚወጣውን አውቀዋለሁና።

ቤት ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የተሰጠውን ሲጋራ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ፣

«ዝም ብል ሁላችንም ነበርን የምንቀነሰው» አለኝ። «አሁን እኔ ብቻ ነኝ። ይሻላል፣ አይደል?»

ቀና ብሎ ፊቴን አየ። መልሴን ይፈልጋል፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት ሲቆም እንኳ የአሁኑን ያህል የፈራ አይመስለኝም።

«ይሻላል» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ እሱ ብቻውን ከሚሆን ሁላችንም በሆንን ነበር የምለው፤ ዛሬም የምለው እሱኑ ነው።